አንጀቱ የሚቆጣበት ሰው እንጉዳይ እንዴት ይብላ

ምንም ከማለቴ በፊት አንድ ነገር ልበል፣ ይሄን አንብባችሁ ሀኪም ያዘዘላችሁን መድሃኒት እንዳታቆሙ። ሜሳላዚን የምትወስዱ ሜሳላዚናችሁን፣ ሰልፋሳላዚን የምትወስዱም እሱኑ፣ አዛታዮፕሪን ላይ ያላችሁም እንደዛው ቀጥሉ። እኔ አልሰራቲቭ ኮላይቲስ የሚባል ትልቁን አንጀት የሚያቆስል በሽታ አለብኝ፣ ከታወቀ አምስት አመት ሊሞላው ነው፣ የምኖረው ለገጣፎ ነው፣ ግቢያችን ጥግ ላይ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ በጤፍ ጭድ እንጉዳይ አበቅላለሁ፣ በሳምንት አራት አምስት ቀን እበላዋለሁ፣ ጠዋትና ማታ ደሞ ኪኒኔን እውጣለሁ። ሰው ሲያገኘኝ "እንጉዳይ አዳነሽ አሉ" ይለኛል፣ አላዳነኝም፣ ይሄ በሽታ አንዴ ይተኛል አንዴ ይነሳል እንጂ እንደ ጉንፋን ለቆ የሚሄድ አይደለም። እንጉዳይ ለኔ በሽታው በተኛበት ጊዜ አንጀቴን የሚመግብልኝ ጥሩ ምግብ ነው። አሰራሩን እስከ ጥጉ ልጽፍላችሁ የፈለኩት ብዙ ሰው አንድም ለውድ ዱቄት ብሩን ሲያፈስ አንድም ያልበሰለ እንጉዳይ በልቶ ሆዱ ተነፍቶ ሁለተኛ አልነካም ሲል ስለማይ ነው።

መጀመሪያ በሽታችሁን እወቁ

እዚህ አገር ሆዴን ቆረጠኝ ደም አየሁ ያለ ሰው ቀድሞ የሚሰማው ቃል አሜባ ነው። እኔን አንድ ክሊኒክ በአንድ አመት ውስጥ ሶስቴ ሜትሮኒዳዞል ሰጥቶኛል፣ አንዴ ደሞ ታይፎይድ ነው ተብዬ ሲፕሮ ውጫለሁ፣ ተሻለኝ ስል ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሶ ሌሊት አምስቴ ስድስቴ ሽንት ቤት፣ ደምና ንፍጥ፣ ክብደቴ ከ61 ኪሎ ወደ 49። አሜባ የለም እያልኩ አይደለም፣ አለ፣ ብዙም ነው፣ ግን መድሃኒቱን በስርአት ጨርሳችሁ እየተመላለሰ ከሆነ ወይ ተቅማጡ ከአራት ሳምንት ካለፈ የጨጓራና አንጀት ስፔሻሊስት ጋ ሂዱ። ካልፕሮቴክቲን የሚባል የሰገራ ምርመራ አለ፣ አንጀት መቆጣቱን ይጠቁማል፣ ቁርጡ የሚታወቀው ግን በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም በፊንጢጣ በኩል ካሜራ አስገብቶ በማየት፣ እና በባዮፕሲ፣ ማለትም ከአንጀቱ ቅንጣት ቆርጦ በመመርመር ነው። የአንጀት ቲቢም እንዳለ አትርሱ፣ በካሜራ ሲታይ ክሮንስ የሚባለውን ሌላውን የአንጀት መቆጣት በሽታ ይመስላል፣ ቲቢ ላለበት ሰው ክሮንስ ነው ብሎ መከላከያ የሚያበርደውን ፕሬድኒሶሎን መስጠት ደሞ ቲቢውን ማስፋፋት ነው፣ ስለዚ ይሄ ነገር በግምት አይሆንም።

አልሰራቲቭ ኮላይቲስንና ክሮንስን ለዩ። አልሰራቲቭ ኮላይቲስ ከፊንጢጣ ጀምሮ ወደላይ ሳይዘል የሚወጣ ሲሆን ትልቁን አንጀት ብቻ ነው የሚይዘው፣ እሱም የውስጥ ሽፋኑን። ክሮንስ ግን ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊወጣ ይችላል፣ እዚህ ይዞ እዛ ይዘላል፣ የአንጀቱን ግድግዳ እስከ ውጪ ድረስ ያቆስላል፣ ሲድን ደሞ ጠባሳው አንጀቱን ያጠበዋል። ይሄን ያነሳሁት ለእንጉዳይ ወሳኝ ስለሆነ ነው፣ አንጀቱ የጠበበ ሰው ውስጥ በደንብ ያልታኘከ እንጉዳይ ሄዶ ሊወተፍ ይችላል፣ እንደዛ ሆኖ ኦፕሬሽን የገባ ሰው አለ። ጠባብ ቦታ አለብሽ፣ አለብህ ከተባላችሁ ቁርጥራጩን ተዉት፣ የተጠለለ መረቅ ብቻ ነው የናንተ ድርሻ፣ እሱንም ሀኪማችሁን ጠይቃችሁ።

እንጉዳይ ውስጥ ያለው ነገር

ብዙ የሚወራለት ቤታ ግሉካን ነው። የእንጉዳዩ ግድግዳ የተሰራበት የስኳር ሰንሰለት ማለት ነው፣ እኛ ሆድ ውስጥ እሱን የሚፈጭ ኢንዛይም የለም፣ ስለዚ ጨጓራንና ትንሹን አንጀት እንዳለ አልፎ ትልቁ አንጀት ይደርሳል፣ እዛ ያሉት ባክቴሪያዎች ልክ እርሾ ሊጥን እንደሚያቦካው ያቦኩትና ቡቲሬት የሚባል አሲድ ይወጣል፣ ቡቲሬት ደሞ የትልቁን አንጀት የውስጥ ሽፋን የሚሰሩት ሴሎች ዋና ምግባቸው ነው። የቦካ ነገር ጋዝ አለው፣ ሆድ የሚነፋው ለዛ ነው፣ በጥቂቱ ጀምሩ የምለውም ለዛ ነው።

ሁለተኛው መንገዱ በመከላከያ ሴሎች በኩል ነው። ማክሮፌጅ የሚባሉት ሴሎች ላይ ዴክቲን አንድ የሚባል ተቀባይ አለ፣ ቤታ ግሉካኑ እሱ ላይ ይለጠፍና ሴሉን ይቀሰቅሰዋል። ሻጮች "ኢሚውኒቲ ቡስተር" የሚሉት ይሄን ይዘው ነው። እኛ ግን እዚህ ጋ ቆም ማለት አለብን፣ የኛ በሽታ መከላከያችን ስለደከመ የመጣ አይደለም፣ መከላከያው የገዛ አንጀታችንን እንደ ጠላት ስለሚያጠቃ ነው፣ አዛታዮፕሪንም ኢንፍሊክሲማብም የሚሰጠን እኮ እሱን ለማብረድ ነው። ስለዚ ኢሚውኒቲ ያጠነክራል የሚል ነገር ለጎረቤታችሁ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ለናንተ ግን የመግዣ ምክንያት አይደለም፣ በተለይ የተጨመቀውን ካፕሱል። እንጉዳዩን እንደ ምግብ በሳህን መብላትና ከብዙ ኪሎ የወጣ ጭማቂ መዋጥ ደሞ አንድ አይደለም።

እኔን በጣም ያስገረመኝ ኤርጎታዮኒን የሚባለው ነው። የሰው ልጅ አይሰራውም፣ የሚሰሩት እንደ እንጉዳይ ያሉ ፈንገሶችና አንዳንድ ባክቴሪያዎች ናቸው፣ ሰውነታችን ግን እሱን ከምግብ ለይቶ የሚያስገባበት ራሱን የቻለ በር አለው፣ ኦሲቲኤን አንድ የሚባል ፕሮቲን። በፈረንጆቹ 2004 የዚህ በር ጂን ላይ ያለ ልዩነት ከክሮንስ ጋር እንደሚያያዝ ተጽፎ ነበር፣ በሩ ዋናው ስራው ኤርጎታዮኒን ማስገባት መሆኑ የታወቀው ደሞ በቀጣዩ አመት በ2005 ነው። ይሄ ማለት ኤርጎታዮኒን ክሮንስን ያድናል ማለት አይደለም፣ ግን ሴልን ከመቃጠል የሚከላከል ነገር ነው፣ ሙቀት ስለሚችል ምግብ ሲበስል ብዙም አይጠፋም፣ ኦይስተር እንጉዳይ ደሞ በሱ ሀብታም ከሚባሉት ውስጥ ነው።

ጥናቱስ ካላችሁ፣ አብዛኛው አይጥ ላይ ነው። ዲኤስኤስ የሚባል ኬሚካል ውሃቸው ውስጥ ጨምረው አንጀታቸውን ያቆስሉና የእንጉዳይ ጭማቂ ይሰጧቸዋል፣ ብዙ ጊዜ ቁስሉ ይቀንሳል። ሰው ላይ የተሰራው ትንሽ ነው። በ2016 የወጣ የኖርዌይ ጥናት 50 አልሰራቲቭ ኮላይቲስ ያለባቸው ሰዎች ላይ ነው የተሰራው፣ ግማሾቹ አጋሪከስ ብላዜ ከሚባለው እንጉዳይ የተሰራ ፈሳሽ ለ21 ቀን ጠጡ፣ ህመማቸውና ድካማቸው ቀለል አለላቸው። ደስ ይላል፣ ግን 21 ቀን ነው፣ የተለካውም በዋናነት ሰዎቹ የሚሰማቸው ነገር ነው። ተርኪ ቴል የሚባለውን እንጉዳይ ደሞ ቦስተን ውስጥ 24 ጤነኛ ሰዎች ላይ ሞክረውት የአንጀት ባክቴሪያዎችን እንደሚለውጥ አይተዋል፣ ጤነኛ ሰዎች ላይ ነው፣ እኛ ላይ አይደለም። ጃፓን ከዚሁ ተርኪ ቴል የወጣውን ፒኤስኬ የሚባል መድሃኒት ከ1977 ጀምሮ ለካንሰር ከኬሞ ጋር ትሰጥ ነበር፣ እሱን ይዘው "ጃፓን ያጸደቀችው የአንጀት መድሃኒት" እያሉ የሚሸጡ አሉ፣ የጸደቀው ለአንጀት መቆጣት አይደለም።

የትኛውን እንግዛ

ኦይስተር። ምክንያቴ ዋጋ ብቻ አይደለም። እነዛ ነጫጭ ክብ ክቦቹ፣ በተን የሚባሉት፣ ማኒቶል የሚባል ስኳር አላቸው፣ ማኒቶል በደንብ ስለማይመጠጥ ውሃ ይስባል፣ ጋዝ ይሰራል፣ ሆዱ ቶሎ የሚቆጣ ሰው በልቶት ሲነፋ በሽታው ተነሳብኝ ብሎ ይደነግጣል። ኦይስተር ውስጥ ማኒቶሉ በጣም ትንሽ ነው። ከበተን በስተቀር ሌላ ከሌለ የቆርቆሮውን ግዙና ውሃውን ድፉት፣ ማኒቶሉ ወደ ውሃው ስለሚወጣ ከትኩሱ ይሻላል፣ ጨው ስለሚበዛበት አለቅልቁት። ሺታኬ ደርቆ በሱፐርማርኬት ይገኛል፣ ጣሙ አሪፍ ነው፣ ግን ሳይበስል ከተበላ አንዳንድ ሰው ላይ በጅራፍ የተገረፈ የሚመስል ሽፍታ ያወጣል፣ ዘፍዝፉና በደንብ ቀቅሉት።

ትኩስ ኦይስተር ስትገዙ ጠርዙን እዩ። ጠርዙ ወደ ታች ጎበጥ ያለ ከሆነ ልጅ ነው፣ ወደ ላይ ከተገለበጠና ከተሰነጣጠቀ ያረጀ ነው። ሽታው የእርጥብ እንጨት መሆን አለበት፣ የአሳ ወይ የአሞኒያ ሽታ ካለው፣ ስትነኩት ካሟለጨ ተዉት። በፌስታል አስራችሁ አታስቀምጡ፣ ያልበዋል፣ በወረቀት ጠቅልላችሁ ፍሪጅ፣ ሶስት አራት ቀን።

ሜዳ ላይ የበቀለውን ግን እለምናችኋለሁ እንዳትነኩት። ሀምሌና ነሀሴ ላይ ወደ ለገዳዲ በኩል ሳሩ ውስጥ ነጭ ጃንጥላ መስሎ ይፈላል፣ የጅብ ጥላ ብለን ነው ያደግነው፣ ልጅ እያለን በእግራችን ነበር የምንመታው። ሸካና ከፋ አካባቢ ከአባት ከእናት የተማሩ ሰዎች ለይተው ይበላሉ፣ እኛ ግን ያ እውቀት የለንም። ገዳይ የሆኑት መርዛቸው መቀቀል አያጠፋውም፣ ምልክቱም ቶሎ አይመጣም፣ ከስድስት ሰአት በላይ ቆይቶ ነው ማስመለስና ተቅማጥ የሚጀምረው፣ ያኔ ጉበቱ ተነክቷል። እኛ ደሞ ተቅማጥ ሲመጣ "ያው በሽታዬ ነው" ብለን ስለምንተኛ ከሌላው ሰው የባሰ ነው አደጋው።

አሰራሩ

250 ግራም ኦይስተር ያዙ። ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፣ ይጠጣዋል፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት ወይ በቧንቧ አለፍ አርጉት። መጀመሪያ ጸሀይ ታስነኩታላችሁ፣ ይሄን ዝለሉት የሚል ሰው አለ እኔ አልዘለውም፣ ምክንያቱም እኛ ላይ ቫይታሚን ዲ ማነስ የተለመደ ነው፣ እንጉዳይ ደሞ እንደ ሰው ቆዳ ጸሀይ ሲነካው ቫይታሚን ዲ ይሰራል፣ ከተቆረጠም በኋላ። ሰፌድ ላይ ሽንሽኑ ወደ ላይ እንዲሆን ገልብጣችሁ ከጠዋቱ አራት ሰአት እስከ ቀኑ ስምንት ሰአት ባለው ውስጥ ግማሽ ሰአት አንድ ሰአት ውጪ አስቀምጡት። መስኮት ስር አይሆንም፣ መስታወቱ የሚፈለገውን ጨረር ያስቀረዋል።

ከዛ ግንዱን ቁረጡት፣ ግንዱ እንደ ጎማ ነው፣ አንጀት አይወደውም፣ ግን አትጣሉት። ቆቡን በጣም ደቃቅ አርጋችሁ ክተፉ፣ የጥፍር ግማሽ ታህል፣ እኔ ቀይ ሽንኩርት እንደሚከተፈው ነው የማደርገው። ደረቅ ድስት ላይ ያለ ዘይት አድርጉትና መካከለኛ እሳት ላይ ጣዱ። መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ከዛ ሁለት ሶስት ደቂቃ ቆይቶ ጢስ ጢስ ማለት ይጀምርና ውሃ ይለቃል፣ ደረቅ የነበረው ድስት ሾርባ ይመስላል፣ እንጉዳዩም ወደ ግማሽ ይወርዳል። ውሃውን አትድፉት። ያን ጊዜ ግንዱን በትልልቁ፣ አንድ ካሮት፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብል፣ አንድ ቁንጥር እርድና ሊትር ተኩል ውሃ ጨምሩ። ነጭ ሽንኩርት የሚስማማችሁ አንድ ፍሬ ሳትከትፉ ጨምራችሁ በኋላ አውጡት፣ በርበሬና ሚጥሚጣ ግን ወዲያ።

አሁን ትእግስት ነው። ፈረንጆቹ ሀያ ደቂቃ ይላሉ፣ እኛ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው፣ ለዛ ነው ሽንብራችንም ባቄላችንም ቶሎ የማይበስለው፣ እንጉዳይም እንደዛው ነው። ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሱና ከድናችሁ አንድ ሰአት ተኩል ይንተክተክ። የሚሟሟው ቤታ ግሉካን ወደ መረቁ የሚወጣው በዚህ ረጅም ሙቅ ውሃ ነው። ካይቲን የሚባለው ጠንካራው ክፍል፣ የነፍሳት ቅርፊት የተሰራበት ነገር እሱ፣ አይሟሟም ግን ይለሰልሳል። ሲበቃው መረቁ የደረቀ ሳር ቀለም ይይዛል፣ ማንኪያ ነክራችሁ ስታወጡ ትንሽ ወፈር ብሎ ይንጠባጠባል።

ጥለሉት። ግንዱን አሁን ጣሉት። የተከተፈውን ከካሮቱ ጋር በብሌንደር ፍጩትና አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ መልሱት፣ ቫይታሚን ዲ ቅባት ይፈልጋል። ብሌንደር የሌለው በወንፊት ላይ በማንኪያ ጀርባ ይጨፍልቀው፣ እናቴ እንደዛ ነው የምታደርገው እንደውም የሷ ይለሰልሳል።

መጀመሪያ የሰራሁ ቀን ጎረቤታችን እማማ ሽታው ስቧቸው በአጥር በኩል ብቅ ብለው "ልጄ፣ የጅብ ጥላ ነው እንዴ የምትቀቅይው? ምነው በደህናሽ!" አሉኝ፣ "አይ እማማ፣ ይሄ ዘሩ ተገዝቶ ቤት ውስጥ የበቀለ ነው" ብዬ አሳየኋቸው፣ አሸተቱት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አልቀመሱም። ፍልሰታ ላይ በአልጫ ሰርቼ ሳመጣላቸው ግን በሉት። ጾም ላይ እንጉዳይ ትልቅ ነገር ነው፣ ሽሮና ምስር ሆዴን ስለሚነፋኝ የምበላው ጠፍቶኝ ነበር። ግን ስጋ ይተካል የሚባለውን እንዳታምኑ፣ 100 ግራም ትኩስ ኦይስተር ውስጥ ያለው ፕሮቲን 3 ግራም አካባቢ ነው፣ ቀሪው አብዛኛው ውሃ ነው። ክብደታችሁ እየቀነሰ ያላችሁ፣ በሽታው ተነስቶባችሁ ያላችሁ ስለ ጾሙ ከንስሀ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፣ እኔ ነግሬያቸው እንቁላል እንድበላ ፈቅደውልኛል።

ስንት ይበላ

በሽታው ተነስቶ ደም እያያችሁ፣ ቁርጠት እያለ አትጀምሩ። ያኔ ሩዝ፣ ተልጦ የተቀቀለ ድንች፣ ካሮት፣ እንቁላል፣ ውሃና ኦአርኤስ ነው። ሰላም ከሆነ ሁለት ሳምንት ሲያልፍ የተጠለለውን መረቅ ብቻ ግማሽ ሲኒ ጀምሩ፣ ሶስት ቀን። ምንም ካልተፈጠረ የተፈጨውን ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ እንደገና ሶስት ቀን። ከዛ አራት ማንኪያ። እኔ አሁን የደረስኩት በቀን 80 ግራም ትኩስ የሚሆን ነው፣ ከዛ በላይ ስሞክር ማታ ሆዴ ይጮሀል፣ ስለዚ እዛ ላይ ቆምኩ። የናንተ ልክ 40 ሊሆን ይችላል።

ደብተር ያዙ፣ የልጆች ደብተር ይበቃል። ቀኑን፣ ምን ያህል እንደበላችሁ፣ ስንቴ ሽንት ቤት እንደሄዳችሁ፣ ደም አለ የለም፣ ንፋት ከአስር ስንት። በዛ ሳምንት ሌላ አዲስ ነገር አትጀምሩ፣ ተልባም ፕሮባዮቲክም እርጎም አብራችሁ ከጀመራችሁ ማን እንደጎዳችሁ ማን እንደጠቀማችሁ አታውቁም። የኔን ደብተር ሳየው የጠቀመኝ ነገር ትልቅ አይደለም፣ ሰገራዬ መልክ ያዘ፣ ጠዋት ሶስቴ የነበረው ሁለቴ ሆነ፣ ያን ለማየት ሁለት ወር ፈጅቷል። ካልፕሮቴክቲኔ የወረደው ግን ሜሳላዚን በስርአት መውሰድ ስጀምር ነው፣ ከእንጉዳዩ በፊት፣ ይሄን መደበቅ አልፈልግም።

በቀን ስድስቴና ከዛ በላይ ደም ያለው ተቅማጥ፣ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ሆድ መወጠርና ማስመለስ ካለ ድስቱን ትታችሁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ በዛው ሌሊት። በነገራችን ላይ ለራስ ምታት ለወገብ እያላችሁ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የምትወስዱ፣ እሱ ራሱ በሽታውን ሊቀሰቅስ ይችላል፣ ፓራሲታሞል ይሻላል።

ስለ ዱቄቱና ካፕሱሉ

ከውጪ በሻንጣ የሚመጣ፣ ቴሌግራም ላይ የሚሸጥ ሬይሺ፣ ቻጋ፣ ላየንስ ሜን ምናምን የሚባል የእንጉዳይ ዱቄትና ካፕሱል አለ። ገንዘባችሁ ነው፣ ግን ሶስት ነገር ላስጠንቅቅ። ቻጋ ኦክሳሌት የሚባል የኩላሊት ጠጠር የሚሰራ ነገር በጣም የበዛበት ነው፣ ለረጅም ጊዜ ብዙ ዱቄት ወስደው ኩላሊታቸው የተጎዳ ሰዎች ተመዝግበዋል፣ ክሮንስ ያለበት ሰው ደሞ ድሮም ኦክሳሌት ከሌላው በላይ ስለሚመጥ ለኩላሊት ጠጠር ቅርብ ነው፣ ሜሳላዚንም አልፎ አልፎ ኩላሊት ስለሚነካ ነው ሀኪም የኩላሊት ምርመራ የሚያዘው፣ ስለዚ ቻጋን በፍጹም። ሬይሺ ደም ሊያቀጥን ይችላል፣ እንደ ዋርፋሪንና አስፕሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድሃኒት የሚወስድ፣ ወይ ሰገራው ላይ ደም ያለው ሰው አይንካው፣ ዱቄቱ ጉበት የጎዳባቸው ሰዎችም አሉ። ሶስተኛ፣ ብዙ ካፕሱል ከእንጉዳዩ ፍሬ አይደለም የሚሰራው፣ እህል ላይ ያደገውን ስሩን ከነእህሉ ፈጭተው ነው፣ ስለዚ የምትከፍሉት ለሩዝና ለአጃ ስታርች ነው። እቃው ላይ ቤታ ግሉካኑ በፐርሰንት ካልተጻፈ፣ "ፖሊሳካራይድ" ብቻ ካለ፣ ስታርችም ፖሊሳካራይድ ነው። አዛታዮፕሪን፣ ሜቶትሬክሴት ወይ ኢንፍሊክሲማብ ላይ ያላችሁ ለሀኪማችሁ ሳትነግሩ ምንም አይነት ካፕሱል አትጀምሩ። "ይቆጡኛል" ብላችሁ አትፍሩ፣ እኔ ደብተሬን ይዤ ሄጄ ሳሳያቸው ሀኪሜ ገልጠው አንብበውት "ምግቡን ቀጥይ፣ ካፕሱሉን ተይው" ነው ያሉኝ።

በቤት ማብቀል

የጤፍ ጭድ ህዳርና ታህሳስ ላይ በአህያ በሰፈራችን ያልፋል፣ ያኔ ግዙ። የሻገተ፣ የጠቆረ፣ ዝናብ የመታው አይሁን፣ ጸረ አረም በቅርብ ያልተረጨበት መሆኑን ጠይቁ። በአቃቂ ወንዝ ዳር በፍሳሽ የሚለማ ማሳ ላይ የወጣ ጭድም አልገዛም፣ እንጉዳይ ከበቀለበት ነገር ላይ ከባድ ብረት እየሳበ ያጠራቅማል። በአንድ ጣት ልክ ከትክቱት፣ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ይደር፣ ጠዋት በግማሽ በርሚል ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለሁለት ሰአት። ቴርሞሜትር ግዙ፣ በእጅ አይገመትም። ከዛ ወንፊት ባለው ነገር ላይ አጥልሉና ንጹህ ላስቲክ ላይ ዘርግታችሁ አቀዝቅዙ። ጭብጥ አርጋችሁ ጨምቁት፣ በጣታችሁ መሀል ሁለት ሶስት ጠብታ ብቻ ከወጣ ልኩ ነው፣ ከፈሰሰ ገና ነው።

ዘሩን እንጉዳይ የሚያመርቱ ሰዎች በኪሎ ይሸጣሉ፣ ማሽላ ወይ ስንዴ ላይ ያደገ ነጭ ነገር ነው፣ አረንጓዴ ነጥብ ካለበት አትቀበሉ። አንድ ኪሎ ዘር ለ20 ኪሎ እርጥብ ጭድ ይበቃል። እጃችሁን በሳሙና ከዛ በአልኮል ጠርጉ፣ አንድ ንብርብር ጭድ አንድ እፍኝ ዘር እያረጋችሁ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ጠቅጥቁ፣ እሰሩት፣ በስቴኪኒ ዙሪያውን ብሱት፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሰቅላችሁ ተዉት። ሙቀቱ ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ሲሆን በሶስት ሳምንት ከረጢቱ ሙሉ በሙሉ ነጭ ይለብሳል። የለገጣፎ የታህሳስ ሌሊት ግን ያስቸግራል፣ የኔ አምስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፣ በብርድ ልብስ ሸፍኜው ነው የተረፈው። አረንጓዴ ሻጋታ ያያችሁበትን ከረጢት እዛው ሳትከፍቱ አውጥታችሁ ጣሉ፣ ቆርጬ ላድነው አይባልም።

ነጭ ሲሆን ጎኑን በምላጭ አራት ቦታ ሰንጥቁት፣ በር ከፈት አርጉለት፣ ብርሀን ይግባ፣ ግድግዳውና ወለሉ ላይ በቀን ሶስቴ ውሃ ርጩ። በሳምንት ውስጥ ከስንጥቁ የክብሪት ራስ የሚያህሉ ግራጫ ነጠብጣቦች ይወጣሉ፣ ከዛ በኋላ ያለውን አይናችሁ እያየ ነው የሚያድገው፣ ጠዋት እንደ ጣት የነበረው በማግስቱ መዳፍ ያክላል። ጠርዙ ሳይገለበጥ ጠምዝዛችሁ ንቀሉት። ካሳለፋችሁት ነጭ ብናኝ ይለቃል፣ ብናኙ ሳንባ ያስቆጣል፣ ስለዚ ስትገቡ ማስክ አርጉ። በሽታ መከላከያ የሚያበርድ መድሃኒት የምትወስዱ ደሞ ጭዱን መከተፍና መሙላቱን ሌላ ሰው ይስራላችሁ፣ ጭድ አቧራ ውስጥ ያለው ሻጋታ ለናንተ ቀላል አይደለም፣ እኛ ቤት ያን የሚሰራው ወንድሜ ነው።

ከአንድ አምስት ኪሎ እርጥብ ከረጢት በሶስት ዙር ወደ አንድ ኪሎ አገኛለሁ፣ በዙሮቹ መሀል አስር ቀን ያህል ያርፋል። የተረፈኝን ቀጭን ቀጭን ሰንጥቄ ጸሀይ ላይ አደርቀዋለሁ፣ ሲሰበር ቀጭ ማለት አለበት፣ ከታጠፈ አልደረቀም ይሻግታል፣ በጠርሙስ ከድኜ ለክረምት አስቀምጠዋለሁ። ሶስተኛው ዙር ሲያልቅ ጭዱ ይቀልና ቡናማ ይሆናል፣ ያን እማማ ለጎመን መደባቸው ይወስዱታል፣ አሁን እንደውም ከኔ ቀድመው ነው ከረጢቱን የሚቆጥሩት።